እትብቱ ይቅር፣ እኔ አለሁ

መደበቅ ስትፈልጉ እኮ ነው የምትፈሩት ሰው ፊታችሁ ድንቅር የሚለው! ዕፀገነት ከወገዳ በጧቱ መኪና ተነሥታ፣ ያ የድንጋይ መንገድ አንጀቷን እስኪያላቅቀው ተንገጫግጫ፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ወርዳ፣ የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ «ተመስገን፣ ማንም አላየኝም» ከማለቷ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? የኔታ ወልደ ሩፋኤል! የገዛ አያቷ! ነጭ ጥምጥማቸው፣ መቋሚያቸው፣ ያ ቀስ ያለ አረማመዳቸው። ሾፌሩ ደግሞ አክባሪ ነኝ ብሎ «ለየኔታ ቦታ ልቀቁ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አመጣና የት አስቀመጣቸው? እሷው ጎን! ወይኔ!

ዕፀገነት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ ከደከመም ቆይቷል፣ ስለዚህ ዝም ካለች ደብረ ታቦር ድረስ ሳያውቋት ልትደርስ ትችላለች። ግን የኔታ ሰው ጎን ተቀምጠው ሰላም ሳይሉ የሚቀሩ ሰው አይደሉም።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉ።

ዝም ማለት ነውር ነው። ድምፅዋን አጎርንና፣ እንደ አሮጊት አስመስላ «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎ እንደምን አደሩ» አለች።

የኔታ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ።

«ዕፀገነት፣ የደከመው ዓይኔ እንጅ ጆሮዬ መቼ ደከመ? ጋይንት ቤተ ልሔም ላይ ይሄን ሁሉ ዘመን ድጓ ሳስተምር፣ ተማሪው ቅጥሩ ጥግ ሆኖ አንዲት ዜማ ቢስት የምሰማ ሰውዬ፣ የልጅ ልጄ ድምፅ ይጠፋኛል? ይልቅ ንገሪኝ፤ እናትሽ ታውቃለች?»

ፊት ወንበር ላይ የጌሾ ጆንያ አቅፈው የተቀመጡት እትዬ ተዋበች፣ የጌሾ ነጋዴዋ፣ ዞር ብለው ሳቁ። «አይ የኔታ! ኮብላይ ያዙ!»

ኮብላይ! እንዲህ ነው ስም የሚወጣልሽ። እሷ እኮ ወንድ ተከትላ አልነበረም የምትሄደው። ወደ ወንድሟ ነው የምትሄደው፤ ወደ ዘላለም።

ዘላለም ማለት፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ቤቱን የሚሞላ ዓይነት ሰው ነው። እዚሁ እስቴ አስተማሪ ነበር። አምና ክፍል ውስጥ ቾክ እንደያዘ ወደቀ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፣ ከዚያ ታይፎይድ፣ ከዚያ ገላው ማንም ሳይነካው እየበለዘ፣ ድዱ እየደማ ሲመጣ ደብረ ታቦር ወሰዱት፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ። የደም ካንሰር ነው አሉ፣ ያውም ጊዜ የማይሰጠው፣ የሚቸኩለው ዓይነት። ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት ወሰደ፣ ጸጉሩ ረገፈ፣ ደሙ ጠራ። ግን ሐኪሞቹ «ይሄ በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ሳይመለስ በፊት ደሙን የሚፈለፍለውን መቅኔውን ራሱን መለወጥ አለብን፤ ከሚገጥመው ሰው ወስደን» አሉ። የሚሠራው ህንድ አገር ነው፤ እስከዚያ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ ይጠብቃል። ወጪውን ወዳጅ ዘመድና አብረውት ያስተማሩት መምህራን ተረባርበው ይዘውታል። የጠፋው ሰው ነው። የሚገጥም ሰው!

እና ዕፀገነት እንዴት እንደናፈቃት! ማታ ማታ አሮጌ የድምፅ መልእክቶቹን በስልኳ ትከፍታለች፤ «ገኒ፣ እማዬን ቻርጀሬን የት አድርጋው እንደሆነ ጠይቂልኝ» የሚል ምኑም የማይናፍቅ ነገር፣ ከበስተጀርባው ዶሮ የሚጮኽበት፤ እሱን መልሳ መላልሳ ትሰማለች። እናቷ ትርሲት እስከ ዛሬ ራት ስታቀርብ በእሱ በኩል ያለውን ጎን ሳታስበው ትተወዋለች። ሁለቱም ያዩታል፣ ሁለቱም አያነሡትም።

«እናቴ አታውቅም» አለች ዕፀገነት ነጠላዋን ወርውራ። አሁን ምን መደበቅ አለ? «የኔታ ካልፈቀዱ አልሰድሽም አለችኝ። እርስዎ ደግሞ አይሆንም ብለው ላኩባት። መንገዱ ደግሞ ዛሬ ክፍት ነው፣ ነገ ይዘጋ አይዘጋ ማን ያውቃል? ስለዚህ ወጣሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል!»

«አሥራ ስምንት» አሉ የኔታ። «ትልቅ ሰው ሆነሻላ።»

«ይቅርታ የኔታ፣ ልቆጣ ፈልጌ አይደለም። ለምን እኔን ብቻ አስቀሩኝ? ንጋቱንና ይበልጣልን አስመርምሩ ብለው ልከዋል። የአጎቶቼን ልጆች ልከዋል። ወንዶቹን ሁሉ! እኔን ግን አይሆንም አሉ።»

ንጋቱና ይበልጣል የአባቷ የመጀመሪያ ሚስት ልጆች ናቸው፤ እዚያው እስቴ የሚያርሱ፣ ሁለቱም በር የሚዘጉ ግዙፎች።

«ልጄ፣ ከባድ እርሻ ሲመጣ የትኛው በሬ ነው የሚጠመደው? ጠንካራው አይደለም? ለአንድ በሽተኛ ደምና መቅኔ የሚሰጥ ሰው ጉልበት ያለው መሆን አለበት ብዬ ነው። ንጋቱ ኩንታል በአንድ ትከሻ ይሸከማል። አንችን ነፋስ ይወስድሻል!»

«እውነታቸውን ነው፣ ክንዷ እኮ እንደ ሸምበቆ ነው» አሉ እትዬ ተዋበች።

«እትዬ ተዋበች፣ እርስዎ ከማን ጋ ነዎት?»

«እኔ? መኪናው እስኪሞላ ከሁለታችሁም ጋ ነኝ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ዕፀገነት ግን አልሳቀችም። ዘላለምን ስንት ጊዜ በስልክ ነዝንዛ፣ እሱም ሐኪሙን ጠይቆ ያስረዳት ነገር ሁሉ አፏ ላይ ተደርድሮ ሊፈነዳ ነበር።

«የኔታ፣ ጉልበት አይደለም የሚፈለገው! መመሳሰል ነው። የሰው ገላ የራሱንና የእንግዳውን የሚለይበት ምልክት አለው፤ ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት ነው የምንወርሰው። ንጋቱና ይበልጣል ከዘላለም ጋር የሚገናኙት በአባት ብቻ ነው። ቢበዛ ቢበዛ ግማሽ ነው የሚገጥሙት፤ ኩንታል ቢሸከሙም፣ ተራራ ቢሸከሙም! እኔ ግን ያንድ እናት ያንድ አባት ልጅ ነኝ። ሙሉ በሙሉ ልገጥም እችላለሁ።»

«ትችያለሽ? ወይስ ትገጥሚያለሽ?»

አያችሁ፣ የኔታ እንዲህ ናቸው። ቃል አያመልጣቸውም። ዕፀገነትም መዋሸት አልፈለገችም።

«ከአራት አንድ ዕድል ነው ያለኝ።»

«ከአራት አንድ! ለዚች ነው እናትሽን አስለቅሰሽ የወጣሽው?»

«ካልተመረመርሁ ግን እሷም የለችም! ይበልጣል ግማሽ ገጥሟል፤ ዛሬ ዛሬ በግማሽም ይሠራል ብለዋል፣ ተጠባባቂ አድርገው ይዘውታል። ግን ሙሉ የገጠመ እህት ወይ ወንድም ካለ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ሐኪሙ ዘላለምን ምን አለው መሰለዎት? ‹የእናት ያባትህ ልጅ የለህም ወይ?› አለው። ‹አለችኝ› አለ። ‹ታዲያ የት ናት?› አለው።» በመዳፏ የፊቱን ወንበር ጀርባ መታች። «የት ናት! ወገዳ ተቀምጣ የድምፅ መልእክት ትሰማለች!»

ረዳቱ «ደብረ ታቦር፣ ደብረ ታቦር» እያለ ይጮኻል፣ ሰው ግን አልሞላም። የኔታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው ወደ እሷ ዘንበል አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ምሥጢር እንደሚነግር ሰው።

«እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። አንድ ሕክምና የተማረ ልጅ ቤተ ልሔም ለንግሥ መጥቶ ነበር፣ ጠየቅሁት። ከእትብት ደምም ይሆናል አለኝ። ሰማሽ? ከእትብት! የንጋቱ ሚስት ልትወልድ ነው፣ ቀኗ ገብቷል። እትብቱን ከምንቀብረው ለዘላለም ይሁን። ማንም አይወጋ፣ ማንም አይታመም፤ ለአፈር ሊሰጥ የነበረ ነገር ነው።»

ዕፀገነት ዞር ብላ አየቻቸው። አስቡት እስቲ! እኛ አገር እትብት ይቀበራል። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲሄድ «እትብቴ የተቀበረበት» ብሎ ነው የሚያለቅስ። ለዚያ ልማድ ከየኔታ በላይ የሚቆረቆር ማን አለ? እና እሳቸው ራሳቸው እሷን ከመርፌ ለማዳን ሲሉ የልጅ ልጃቸው ልጅ እትብት ሳይቀበር ይቅር ብለዋል። ሊያቅፏቸው የሚያሰኙ ሰው ናቸው። ግን ተሳስተዋል!

«የኔታ፣ ልጁ የነገረዎት ውሸት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የእትብት ደም ይሠራል፣ ብዙ ሰው ድኖበታል። እንዲያውም ጥሩ ጠባይ አለው፤ ገና ጨቅላ ስለሆነ መመሳሰሉ ትንሽ ቢጎድልም አይጣላም።»

«ታዲያስ!»

«ግን ትንሽ ነው! ጭብጥ ነው! ለሕፃን ልጅ ይበቃል። ዘላለምን ያህል ሰው ግን… ጭብጥ ዘር ይዘው ስንት ጥማድ ማሳ ይዘሩበታል? ቢበቅልም ይዘገያል። ኬሞው የዘላለምን አሮጌ መቅኔ ጠርጎ ያወጣዋል፣ ማሳው ባዶ ይሆናል። አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ገላው አጥር የለውም፤ ሌላው በሦስት ቀን የሚነሣበት ጉንፋን እሱን ሊገድለው ይችላል። በእትብቱ ያ ባዶ ጊዜ ይረዝማል። ደግሞ እንደተወለደ ወዲያው ተቀድቶ፣ በልዩ ማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ቤት ይፈልጋል። እኛ አካባቢ የት አለ? ንጋቱ በፌስታል ጠቅልሎ አይልከው!»

እትዬ ተዋበች ጆንያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። «በፌስታል! ኧረ ስሟት!»

የኔታም ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ግን ቶሎ ሰበሰቡት። «እሺ። ካንችስ በምን በምን ነው የሚወሰደው? ሳይሸፋፈን ንገሪኝ።»

ይሄን ጥያቄ ስንት ቀን ጠብቃዋለች! «ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በክንድ ነው። ጥቂት ቀን መርፌ ይወጉኛል፤ መርፌው መቅኔዬ ውስጥ ያለውን ዘር ወደ ደሜ ያስወጣዋል። እነዚያን ቀኖች አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ብርቱ ጉንፋን እንደያዘው ሰው። ከዚያ ደሜ በአንዱ ክንዴ እየወጣ በማሽን ያልፋል፣ ማሽኑ ዘሩን ያስቀራል፣ የቀረው ደም በሌላው ክንዴ ይመለስልኛል። ሁለተኛው ከዳሌ አጥንት ነው። አስተኝተውኝ፣ ሳልሰማ፣ በወፍራም መርፌ መቅኔውን ይቀዱታል። ስነቃ ወገቤን ያመኛል፣ ሰንበትበት ይላል፣ ከዚያ ይተወኛል።»

«የትኛው ይሻላል?»

«እሱ ነው የሚያከራክረው! የክንዱ ቶሎ ይበቅላል፤ ያ አጥር የሌለበት ጊዜ ያጥራል። ግን ብዙ ወታደር፣ በሽታ የሚዋጋውን የደም ሕዋስ ማለቴ ነው፣ ይዞ ይገባል። ወታደሮቹ አንዳንዴ የቤቱን ባለቤት እንግዳ ነህ ብለው ይወጉታል፤ ቆዳውን፣ ዓይኑን፣ ጉበቱን፤ ያውም ለዓመታት። የዳሌው ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ሰላማዊ ነው። እንዲህ ሲባል ደግሞ ወታደር ጭራሽ አይኑር አይባልም፤ ተደብቆ የቀረውን ካንሰር አድነው የሚገድሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሐኪሞቹ በሽተኛውንም የሚሰጠውንም አይተው ነው የሚመርጡት።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደ እርሾ ነዋ። ቢያንስ አያነሣው፣ ቢበዛ ያመጥጠዋል።»

«አዎ! ልክ እንደ እርሾ! ወይኔ፣ እኔ ለምን አላሰብሁትም!»

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ» አሉ እትዬ ተዋበች፣ ጨዋታው ጥሟቸው። «መቅኔዋ ካለቀስ? ሴት ልጅ ናት፣ ነገ ትዳር አለባት። አጥንቷ የተነካ ሴት አትወልድም ይባላል።»

«እኔም የፈራሁት አንዱ ይሄ ነው» አሉ የኔታ።

«እትዬ ተዋበች» አለች ዕፀገነት፣ «ይሄ ጌሾ ቅጠሉን ሲለቅሙት ይደርቃል?»

«ምን ሲደረግ! ይብስ ያቆጠቁጣል እንጅ። ያልተለቀመ ጌሾ ነው የሚከፋ።»

«መቅኔም እንደሱ ነው። ከእኔ የሚወስዱት ጥቂቱን ነው፣ በጥቂት ሳምንት ተመልሶ ይሞላል። ከማሕፀን ጋር አይገናኝም። ሰጥተው የወለዱ ስንት አሉ!»

እትዬ ተዋበች ጆንያቸውን መታ መታ አደረጉ። «የኔታ፣ በገዛ ጌሾዬ ረታችኝ።»

ግን የኔታ አልተረቱም። «አደጋ የለውም ትያለሽ?» አሉ።

«አልልም። ማደንዘዣ አለው፣ ማደንዘዣ ደግሞ ሁልጊዜ ይፈራል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ግን መጀመሪያ እኔን ራሴን ሙሉ መርምረው፣ ጤነኛ ካልሆንሁ አይነኩኝም። እምቢ ካልሁም ማንም አያስገድደኝም። የኔታ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እስቴ ለምን መጥተው ነበር?»

«ለቆጠራ ጠርተውኝ ነዋ። ጥር አይደል፣ ሰው ሁሉ ይጋባል። ሁለት ቤተ ሰብ ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ሰባት ቤት ቁጠሩልን አሉኝ።»

«እና?»

«አፈረስሁት። አምስት ቤት ላይ ተገናኙ። ዘመዳሞች ናቸው።»

«በማን በኩል ነው የተገናኙት?»

የኔታ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። ጆሮ ያለው ሰው ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይደርስ ይሰማዋል። «በሴት በኩል» አሉ በመጨረሻ። «በልጅቱ ሴት አያት።»

«አዩ የኔታ! ለጋብቻ ሲቆጥሩ ሴት ዘመድ ናት። አምስት ቤት ርቃ፣ ሞታ፣ መቃብሯ ጠፍቶ እንኳን ሠርግ ታፈርሳለች! ለዘላለም መዳኛ ሲፈለግ ግን እኔ፣ አንድ ማሕፀን ያደርሁት፣ አልተቆጠርሁም። እንዴት ነው ለማፍረስ ዘመድ ሆኜ ለማዳን ባዳ የምሆነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ የኔታ ዞረ። ዕፀገነት ራሷ ባለችው ነገር ደንግጣ ፊቷ ቀላ። አያቷ ናቸዋ! የኔታ ናቸዋ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

የኔታ ግን አልተቆጡም። መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው፣ ማንንም በማያይ ዓይናቸው ፊት ለፊት እያዩ ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ቆጥሬሻለሁ ልጄ። አባትሽን፣ የአብራኬን ክፋይ፣ በነዚህ እጆቼ አፈር አልብሼዋለሁ። ከዚያ ዘላለም ታመመ። ዓይኔ ደግሞ ጠፋ። እኔ በሬውን ያልሁት፣ እትብቱን ያልሁት… ማንንም ይውሰዱ፣ ዕፀገነትን አይንኩብኝ ማለቴ ነው። እሱም ቢሄድ፣ አንችም በዚያው ብትቀሪ፣ እኔ በማን ድምፅ ነው ሰው ቤቴ መግባቱን የማውቀው?»

ወይ የኔታ! ለካ እምቢታቸው ሁሉ ናፍቆት ነበር። ዕፀገነት የሄደውን ትናፍቃለች፣ እሳቸው ገና ያልሄደውን አስቀድመው ናፍቀዋል። እጃቸውን ያዘች። ደረቅ፣ ቀጭን፣ ሞቅ ያለ እጅ።

ያን ጊዜ ነው ስልኳ የጮኸው። ዘላለም! ያ ስልኳ ደግሞ ሲያወራ ለሰፈር ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

«ገኒ፣ የት ነሽ?» ትንፋሽ አጠረውና ቆመ። «እማዬ ጠፋች ብላ… እያለቀሰች ደወለችልኝ። ተመለሽ።»

«አልመለስም!»

«ስሚኝ። የኔታ እምቢ ካሉ… እምቢ ነው። እሳቸውን አሳዝኜ… መዳን አልፈልግም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ… ደክሞኛል። ሰው ፈልጉልኝ ማለት… ደክሞኛል። ቢቀርስ።»

«ቢቀርስ አትበል! ዘላለም፣ ቢቀርስ አትበለኝ!»

የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን ሰጠቻቸው። ጆሯቸው ላይ ሳይሆን አፋቸው ፊት ያዙት፣ እንደ ማይክራፎን።

«ዘላለም።»

«…የኔታ?»

«አንተ ልጅ፣ ድሮ ረጅሙን ቁም ዜማ ባንድ ትንፋሽ ትጨርሰው ነበር። አሁን በየሦስቱ ቃል ታርፋለህ።»

«አዎ የኔታ። ትንፋሽ… አጠረኝ።»

«ሰምቻለሁ። ስትናገር እየቆጠርሁ ነበር።» የኔታ በሌላው እጃቸው የዕፀገነትን እጅ ፈልገው ያዙ። «እህትህ እዚህ ጎኔ ተቀምጣለች። ወደ አንተ እየመጣች ነው። አልጠፋችም። እኔ ነኝ የላክኋት።»

እኔ ነኝ የላክኋት! ዕፀገነት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ስቅ ስቅ ብላ አለቀሰች፣ ሳቅም ተቀላቅሎበት፤ እትዬ ተዋበችም አብረው፣ ለምን እንደሚያለቅሱ በቅጡ ሳያውቁ። ሾፌሩ ደግሞ «ሞላ፣ እንሂድ» አለ፤ አልሞላም ነበር እኮ፣ ሁለት ቦታ ይቀር ነበር!

መንገድ ላይ የኔታ ወደ ወገዳ አስደወሉ። የዕፀገነት እናት ስልኩን ስታነሣ እያለቀሰች ነበር።

«ትርሲት፣ ስሚኝ ልጄ። ስሕተቱ የኔ ነው። የምናስመረምረውን ሰው እንደ በሬ በጉልበት መረጥን፤ ጊዜ አጠፋን። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚመረመር ያንድ እናትና ያንድ አባት ልጅ ነው፤ ሴት ሆነ ወንድ፣ ቀጭን ሆነ ወፍራም። ከሷ የሚወሰደው ተመልሶ ይሞላል፤ እሱን ካጣን ግን ቦታውን እኛ ልንሞላው አንችልም። እትብቱን ለንጋቱ ተይለት፣ እንደ ልማዱ ይቅበር። የሆነ ጊዜ ያገራችን ሐኪም ቤቶች ማስቀመጫውን ሲያበጁ፣ ያን ጊዜ የሌላ ሰው ሕፃን ይድንበት ይሆናል። ለዘላለም የሚሆነው እዚህ ነው ያለው፣ ጎኔ።» ቀጥለውም «ከአራት አንድ ነው ዕድሏ። ባይገጥምም ይበልጣል አለ። ባይገጥምም ግን አትቆጪያት፤ አለመሞከሩ ነው የሚቆጨው» አሉ።

እትዬ ተዋበች ከፊት ሆነው «አሜን» አሉ፤ ስብከት መስሏቸው።

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ላይ ተለያዩ፤ የኔታ ወደ ጋይንት፣ ዕፀገነት ወደ አዲስ አበባ። ሲባርኳት እጃቸው ራሷ ላይ ከወትሮው በላይ ቆየ። አላነሡትም፣ እሷም አልተነቃነቀችም፤ የጋይንቱ መኪና እስኪጮኽ ድረስ።

አዲስ አበባ ስትደርስ የኪራይ ቤቱ በር ላይ ዘላለም ጭንብል አድርጎ ቆሞ ነበር። ልትጠመጠምበት ሮጠች፤ እሱ ደግሞ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፤ ቁሚ። የመንገድ አቧራ አለብሽ፣ ሰው ነክተሻል፣ ሐኪሞቹ ከልክለዋል። ይሄን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ ሊነኩት የማይቻል ወንድም! ቆሙ፣ ተያዩ፣ በቃ። ጭንብሉ በእንባ ረጠበበት።

ተመረመረች። ጠበቁ። ያ መጠበቅ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሐኪሙ ደውሎ «ገጠመ፣ ሙሉ በሙሉ» ሲል ዕፀገነት የደወለችው ለእናቷ አልነበረም፣ ለየኔታ ነበር። ከወዲያ የተማሪዎቹ ዜማ ይሰማል። የኔታ ተማሪዎቹን አስቆሙና «ከክንድ ነው ወይስ ከዳሌ?» አሉ፣ ልክ እንደ ሐኪም።

«ህንድ ያሉት ሐኪሞች ከዳሌ ይሻላል ብለዋል የኔታ። ዘላለም ወጣት ነው፣ ደሙም አሁን ጠርቷል፤ ኋላ ከሚመጣው ጣጣ ይተርፋል ብለው።»

«ሰላማዊው። ደግ» አሉ።

አሁን ጋይንት ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይሄን ነው፤ የኔታ ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ሲጠሩ፣ ቆጥረው ሲጨርሱ ይጨምራሉ አሉ። «ስትጋቡ የእናታችሁንም የአባታችሁንም ወገን ትቆጥራላችሁ። ስትታመሙም እንዲሁ ቁጠሩ። እህታችሁን አትዝለሉ። ደም ለመስጠትም ሆነ መቅኔ ለመስጠት አትፍሩ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ እኔ ዓይኔ ጠፍቶ ነው ያየሁት።» እዚያው አገር ልጁ የደም ካንሰር የያዘው አንድ ገበሬ አለ፤ መጀመሪያ ያስመረመረው ሴት ልጁን ነው። ገጠመች አልገጠመች ገና አልተሰማም። ግን ተመርምራለች!

ህንድ አገር የሆስፒታሉ ኮሪደር ነጭ ነው፣ የማይታወቅ መድኃኒት ይሸታል። መቅኔዋን የምትሰጥበት ቀን ጧት ዕፀገነት የሐኪም ቤት ልብስ ለብሳ፣ ወደሚቀዱበት ክፍል ከመግባቷ በፊት የዘላለም ክፍል መስታወት ጋ አቆሟት። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ነው፣ መላጣ፣ ከስቷል፣ ዓይኑ ብቻ የድሮው ዓይን። የአሮጌ መቅኔው የመጨረሻ ቅሪት እንኳን ተጠርጓል፣ ማሳው ባዶ ነው፤ የእሷን ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሣ፣ እሷም በዚህ በኩል ያለውን አነሣች።

«ገኒ» አላት። «ፈራሽ?»

«ናፈቅኸኝ።»

«እዚህ ቆሜ?»

«እዚህ ቆመህ» አለችው፣ መዳፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ። ልታስገባት የመጣችው ህንዳዊት ነርስ ስሟን በትክክል መጥራት አቅቷት ሁለት ጊዜ ሞከረችው፤ ዕፀገነት ስልኩን ሰቀለችና ገባች።